የፀሐይ ሻጩ ሚስት

ሌላው ሰው ደመና ሲያይ ያሰጣውን ልብስ ለመሰብሰብ ይሮጣል። የጡረተኛው ፀጉር አስተካካይ ሚስት ግን ደመና ስታይ ተመስገን ትላለች። ሳንባዋ ከደከመ ቆይቷል። አልጋዋ አጠገብ እንደ ጠገበች ድመት የሚያንኮራፋው የኦክስጅን ማሽን ካልረዳት፣ ከትራስ ቀና ማለት እንኳ ዳገት ይሆንባታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንግሥት ለፀሐይ ኃይል ድጎማ በሰጠ ጊዜ ባልየው ጥሪቱን አራግፎ ጣሪያውን በሶላር ሞላው። ቀን ከቤቱ የተረፈውን ኃይል የመብራት ድርጅቱ በጥሩ ዋጋ ይገዛዋል፤ ማታ ደግሞ ቤቱ ከድርጅቱ ይገዛል። ዕድሜ ልኩን በሰው ማጅራት ላይ ተጎንብሶ ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ ሹመት ነበር። "እናንተ ለመብራት ትከፍላላችሁ፣ መብራት ለኔ ይከፍላል" እያለ ሰፈሩን አሰለቸው። ሰፈሩም ፀሐይ ሻጩ ብሎ ስም አወጣለት። ይብሱን ደስ አለው። ያገኘውን ሁሉ ግቢ እያስገባ ቆጣሪው ወደ ድርጅቱ የሚላከውን ኃይል ሲቆጥር ያሳያል።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ቀን ላይ መብራት መንካት ነውር ሆነ። ካውያው ወደ ማታ ተዛወረ፣ ማቀዝቀዣው ተነቀለ፣ በመጨረሻም የሰውዬው ዓይን ማሽኑ ላይ አረፈ። ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ ይመጣና ሶኬቱን ይነቅላል፤ መስኮቱን ወለል አድርጎ ይከፍታል። "አየሩ ይኸው፣ ያውም በነጻ።" መልሶ የሚሰካው ሲመሽ ነው። ሐኪሙ ማሽኑ እንዳይጠፋ ብሎ አስጠንቅቆ ነበር፤ "ሐኪም ምን አለበት፣ ቆጣሪው የሱ አይደለም" አለና ተወው። ሰማዩ ሲጠቁር ብቻ የሚሸጥ ነገር ስለሌለ አይነካውም። ደመና የምትለምነው ለዚህ ነው።

ቢሆንም አልጠላችውም። "ማጣት ያሳደገው ሰው ነው፣ ሳንቲም ሲያይ ልቡ ይጠፋል። ዋጋው ባይኖር አይነቅለውም ነበር" ትላለች ለልጇ። ይህን ስታምን ትንፋሿ በመጠኑም ቢሆን የሚቀላት ይመስላት ነበር።

አንድ ቀን ሬዲዮው ድጎማው መነሳቱን ተናገረ። ከየቤቱ የሚላከው ኃይል ዋጋ ወደ አንድ አምስተኛ ወረደ፤ ማታ የሚገዛው ጭራሽ ጨመረ። ሰፈሩ ሲራገም እሷ ትራሷን አቅፋ በደስታ አለቀሰች።

ፋርማሲ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ የሆነችው ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ አባቷን አልጋው አጠገብ አስቀመጠችው።

"አባዬ፣ ከእንግዲህ ቀን የሸጥከውን ማታ ከአምስት እጥፍ በላይ ከፍለህ ነው መልሰህ የምትገዛው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉሃል ይሄ ነው። ቀን ላይ ራሳችን እንጠቀምበት። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ቢሠራ ትርፍ እንጂ ኪሳራ የለውም።"

"ገባኝ ልጄ። ሒሳብ እኮ አይጠፋኝም።"

"እንዳትነቅል። ማልልኝ።"

"እሷ ትሙት" አለ ወደ አልጋው በአገጩ እየጠቆመ።

በማግስቱ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። ልጅቷ ወደ ሥራዋ ሄደች። ረፋዱ ሞቀ፤ ባልየው አልመጣም። ማሽኑ ማንኮራፋቱን ቀጠለ። ሴትዮዋ ፀሐይን ሳትፈራ ካየቻት ስንት ጊዜዋ። አልተሳሳትኩም፣ ሰውዬውን አውቀዋለሁ አለች በሆዷ። ማታ ፀጉሬን ከርክምልኝ ልለው ነው ብላም አሰበች፤ ከታመመች ወዲህ ጠይቃው አታውቅም።

ያን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ ያለው የጎረቤት ጋራዥ ባለቤት ድምፅ ተሰማ።

"ሻጩ፣ ገበያው ተዘጋ አሉ። እንግዲህ አንተም እንደኛው ከፋይ ሆንክ።" አብረውት ያሉት ሳቁ።

"ማን ነው ያለህ?" አለ ባልየው ከግቢው። "የኔ ቆጣሪ ዛሬም እንደ ጉድ እየላከ ነው።"

"እስቲ አሳየን።"

"ግቡዋ። በሩ ክፍት ነው።"

ወዲያው መኝታ ቤት ገባ። ፊቷን አላየም። "ለአፍታ ነው፣ ቁጥሩ ሞቅ ይበል። አሁን እሰካዋለሁ" አለና ሶኬቱን ነቀለ። እንግዶቹ እንዳያዩዋት ይመስላል፣ ሲወጣ በሩን ዘጋው።

ለካ ለገንዘቡ አልነበረም። ድሀነቱም፣ ቁጠባውም፣ ስታመካኝለት የኖረችው ሁሉ ውሸት ነበር። ትንፋሿ የሄደው ለጋራዥ ሰዎች አድናቆት ነው። ይህ ከአየሩ እጥረት በላይ አነቃት።

ሶኬቱ ከቁም ሳጥኑ ጎን ነው። ተንጠራራች፤ እጇ መንገድ ላይ ደከመና አንሶላው ላይ ወደቀ። ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ መጥራትም አየር ይጠይቃል። ከበሩ ውጭ ባልየው ቁጥሩን እንደ አዋጅ ጮክ ብሎ ያነባል። የጋራዡ ባለቤት "አንተ እኮ ሰይጣን ነህ" እያለ ያደንቀዋል።

"ቆማችሁ ቀራችሁ እኮ" አለ ባልየው። ወንበሮቹን ሊያወጣ ሲገባና ሲወጣ የተዘጋውን በር በትከሻው እየታከከ አለፈ። ከዚያ ሁሉም ተቀመጡ።