የወንዝ ማዶ ማማሰያ

«የልጄ ልብስ ይኼ ብቻ ነው?» አለች ኬኔዌ፣ ቦርሳውን በጉልበቷ ተጭና ዚፑን ለመዝጋት እየታገለች።

«ሹራቧ አለ እንጂ። ማሞሴሌ ዘንድ ነው። ክርኑ ጋ ተቀዶ፣ ጠግኚልኝ ብዬ ሰጠኋት» አሉ አማቷ ማትሼፖ፣ ከደጃፉ ሳይነቃነቁ።

«ትናንት ጎረቤት ያለው ቀሚሷ ነው አሉኝ። ዛሬ ደግሞ ሹራቡ?»

«ጎረቤት ታዲያ ለምንድን ነው?»

ኬኔዌ ዚፑን ስባ ዘጋችው። ሚኒባሱ ሰባት ሰዓት ላይ ከገበያው ይነሳል። ካመለጣት ያለው የነገ ጠዋቱ ነው፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ሐሙስ ምንም የለም። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ዋና ከተማው ማሴሩ ወርዳ፣ ጂንስ የምትሰፋበት ፋብሪካ ውስጥ የስፌት መኪናዋ ፊት ካልተቀመጠች፣ ወንበሯን የሚመኙ ሴቶች ከአጥሩ ውጭ ሞልተዋል።

ባሏ ትሼፖ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል። ያኔ ዲምፎ ሁለት ዓመቷ ነበር። ኬኔዌ «እስክቋቋም ድረስ» ብላ ልጇን ለአማቷ ትታ ወደ ከተማ ወረደች። አሁን ተቋቁማለች፤ ግቢው ውስጥ ቧንቧ ያለው አንድ ክፍል ተከራይታለች፣ ልጇንም ትምህርት ቤት አስመዝግባላታለች። በስልክ ስትነግራቸው ማትሼፖ አንዲት የተቃውሞ ቃል አልወጣቸውም። «ልጅሽ ናት፣ መጥተሽ ውሰጃት» አሉ። ከመጣች ጀምሮ ግን አንዱም ነገር አላልቅ ብሏል።

ዲምፎ አያቷ እንደ ጋቢ ከደረቡት ብርድ ልብስ ኋላ አንድ ዓይኗን አውጥታ ታያታለች።

«የትምህርት ቤት ቦርሳሽን ወደድሽው?» አለቻት ኬኔዌ።

«አዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ነዎት የገዙልኝ?»

እንደ እንግዳ ነበር ያመሰገነቻት። አያቷን «አንቺ» ትላለች፤ የወለደቻትን «እርስዎ»።

በዚህ መሃል ማሞሴሌ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። የፕላስቲክ ቦቲ ተጫምታ፣ ብርድ ልብሷን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አስራለች። ሹራብ አልያዘችም።

«ማዲምፎን ስጡኝ!» አለች። የዲምፎን እናት ማለቷ ነው፤ እዚህ ደጋ ላይ ያገባች ሴት በበኩር ልጇ ስም ነው የምትጠራው። «እግር ያላት ሴት ጠፋች። ግማሾቻችን ጉልበት የለንም፣ ግማሾቻችን ልብ የለንም። እኔማ ሁለቱም የለኝም፣ ያለኝ ምላስ ብቻ ነው።»

«ለምንድን ነው የምትፈልጊኝ?»

«ለማማሰያው ነዋ! የበቆሎው ቅጠል ሲጋራ መስሎ ሲጠቀለል አላየሽም?»

ዝናብ እምቢ ሲል የአንዱ መንደር ሴቶች ከሌላው መንደር አለቃ ቤት የገንፎ ማማሰያ ይሰርቃሉ፣ የተሰረቁትም ያሳድዳሉ። እንዲህ ሲሻሙ ሰማይ ይሰማል ይባላል። ባለፉት ዓመታት ጨዋታው ባህል ለማየት ለሚመጡ እንግዶች ነበር የሚቀርበው፤ የወንዝ ማዶው መንደር ሴቶችም ሰዓቱን አውቀው፣ ቀሚሳቸውን ተኩሰው ነበር የሚጠብቁት። ዛሬ ግን አልተነገራቸውም።

«ታክሲ አለብኝ» አለች ኬኔዌ።

«ሹፌሩ ሌፋ የእህቴ ልጅ ነው፣ ጥሎሽ አይሄድም።»

«ሌፋ? እናቱንም ጥሎ ይሄዳል!»

«ሂጂ ልጄ» አሉ ማትሼፖ። «ቶሎ ትመለሻለሽ። እኔ እስከዚያ ልጅቷን ላለባብሳት።»

ከመጣች ጀምሮ አንድም ነገር እምቢ ያላሏት ሴት ናቸው። ኬኔዌ ስልኳን አየች፣ ቦርሳውን አየች፣ ብርድ ልብሷን ትከሻዋ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዛ ወጣች።

ወንዙ ድንጋይ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። አሥራ አንድ ሆነው ተሻገሩት። ሁለት ጎብኚዎች ስልካቸውን ወደ ላይ ይዘው ሲከተሏቸው ማሞሴሌ ዞር ብላ «ሂዱ ወዲያ! ዛሬ ቲያትር የለም!» ብላ አባረረቻቸው።

የአለቃው ሚስት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች። ማሞሴሌ ሰላምታዋን አስረዝማ፣ ያልሞተ ሰው ሞተ ብላ፣ ለቅሶውን እያሳመረች ወሬ ያዘች። ሌላዋ ውሃ ልጠጣ ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። ወዲያው ጩኸት ተነሳ። ማማሰያው ገንፎ እንደተለጠፈበት ከበር ወጣ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተወረወረ፣ በመጨረሻም ወንዙ ዳር ቆማ ስልኳን ታይ የነበረችው ኬኔዌ ደረት ላይ አረፈ።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ሩጪ!»

ሮጠች። ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀምጣ ነው የሰፋችው፣ እግሯ የሷ አልመስል አላት። ከኋላዋ «ሌባ! የማሴሩ ሌባ!» የሚል ጩኸትና የብዙ እግር ኮቴ ይሰማታል። አንዷ ደርሳ ብርድ ልብሷን ስትጨብጥ ኬኔዌ መርፌ ቁልፉን ፈታ ለቀቀችላት። የወንዙን ድንጋይ ዘለለች፣ ወደቀች፣ ተነሳች፣ ዳገቱን ተያያዘችው። አፏ አቧራ ሞላ። መንገድ ላይ ከተሰበሰቡት ሕፃናት መሃል አንድ ቀጭን ድምፅ ከሁሉም በልጦ ወጣ።

«ሩጪ! እማ፣ ሩጪ!»

የማን ልጅ እንደሆነች ዞር ብላ ለማየት ጊዜ አልነበራትም። የሩጫው ድንበር የሆነውን የመንደሩን የድንጋይ በረት አልፋ መሬት ላይ ስትዘረር ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት። ቀና ስትል ከፊቷ ዲምፎ ቆማለች፤ ባዶ እግሯን ናት፣ ጠዋት የለበሰችው የቤት ቀሚስ ላይዋ ላይ ነው፣ ፀጉሯም አልተበጠረም።

«አሸነፍሽ!» አለች ልጅቷ፣ እየዘለለች። ከዚያ አፍራ አፏን በእጇ ሸፈነች።

ኬኔዌ ልትስቅ ነበር። ግን ከልጅቷ ትከሻ በላይ፣ ከገበያው ወደ ታች፣ የሚኒባሱ አቧራ በጠመዝማዛው መንገድ ሲርቅ ታየ።

ቤት ስትገባ ማትሼፖ ምድጃው ዘንድ ተቀምጠዋል። የልጅቷ ቦርሳ እንዳለ ነው።

«አላለበሷትም» አለች ኬኔዌ፣ ትንፋሿ ገና አልተመለሰም።

«አላለበስኳትም።»

«ማሞሴሌንም የላኩት እርስዎ ነዎት።»

«ሩጫው የሷ ሐሳብ ነው። ያንቺን ስም የሰጠኋት ግን እኔ ነኝ።»

«አትውሰጃት ማለት አይሻልም ነበር? ፊት ለፊት!»

«በምን አፌ? ልጅሽ ናት።» ማትሼፖ እሳቱን ያለ ምክንያት ቆሰቆሱት። «ትሼፖ ጉድጓድ ልወርድ ነው ሲለኝ እሺ አልኩት። አንቺ ከተማ ልሂድ ስትዪኝ እሺ አልኩሽ። አሁንም እሺ አልኩ። አፌ እሺ ይላል፣ እጄ ግን ሹራብ ይደብቃል። ምን ላድርገው?»

«እኔስ? ማታ ማታ ግድግዳ እያየሁ ነው የምበላው። ለሷ ብዬ ነው የተከራየሁት።» ድምጿ ሲሰበር ተናደደች። «እርስዎም ይምጡ። አልጋውን እለቅልዎታለሁ።»

«በጎቹን ለማን ትቼ? ከተማ ገብቼ በር ላይ ተቀምጬ የሚያልፈውን ሰው እግር ልይ?»

«ለዲምፎ ነግረዋታል? እንደማትመለስ ታውቃለች?»

ማትሼፖ ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ። ውጭ ደመና ከተራራው በላይ ተከምሮ ቆየ፣ ከዚያ አንዲት ጠብታ ሳይጥል ወደ ሌላ አገር አለፈ።

በማግስቱ ጠዋት ማትሼፖ ልጅቷን ራሳቸው አጠቡ፣ ራሳቸው አለበሱ። ሹራቡ ከትራሳቸው ሥር ወጣ፤ ክርኑ ላይ ቀዳዳም ሆነ ጥገና አልነበረበትም። እስከ ገበያው አልሸኟቸውም። «በጎቹን ላውጣ» ብለው ልጅቷን አንዴ አቀፏትና ሄዱ።

ዲምፎ ሚኒባሱ ውስጥ ከወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ሰው ቤት እንደገባች እንግዳ፣ ጉልበቷን ገጥማ ተቀመጠች።

«ማታ እመለሳለሁ?» አለች።

«አይ፣ የኔ ልጅ። ከእንግዲህ የምንኖረው እዚያ ነው።»

ልጅቷ በመስኮቱ ወደ ተራራው አየች። «አያቴ ታውቃለች?»

«ያውቃሉ።»

ዲምፎ እጆቿን ወደ ሹራቡ እጅጌ ውስጥ ሰብስባ ከፊቷ ያለውን ወንበር ማየት ጀመረች። ኬኔዌ የልጅቷን እንባ ጠበቀች። ብታለቅስ ታባብላታለች፤ ጭኗ ላይ አድርጋ ስለ ቧንቧው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ትነግራታለች፣ እስከ ማሴሩ ድረስ የምትላትን ሁሉ አዘጋጅታለች። ልጅቷ አላለቀሰችም። ትልቅ ሰው ያዘዛትን ሁሉ እንደምትፈጽም፣ ዝም ብላ ቻለችው። ሌፋ ሞተሩን አስነሳ። ሚኒባሱ ሁለት ክንድ ያህል ተንቀሳቀሰ።

«ሌፋ! አቁም። ቦርሳዎቹን አውርድልኝ።»

«ምን?»

«የሐሙሱን እይዛለሁ። ወይም የዚያን ሳምንቱን።»

«ትናንት መጣሁ ብለሽ ቀረሽ፣ ዛሬ ገብተሽ ልውረድ ትያለሽ! የሴት ወይዘሮ፣ መኪና መሰለሽ ወይስ ዥዋዥዌ?» አለ ሌፋ፣ እያጉረመረመ ጣሪያው ላይ ሲወጣ። ተሳፋሪዎቹም በየፊናቸው አጉረመረሙ።

አቧራው ሲረጋ ኬኔዌ ፋብሪካው ውስጥ አጠገቧ ተቀምጣ ወደምትሰፋው ጓደኛዋ ደወለች።

«ሬፊሎዌ፣ ነገ አልመጣም ብለሽ ንገሪልኝ።»

«አብደሻል? ተቆጣጣሪዋ ወንበርሽን ለሌላ ነው የምትሰጠው። ታውቂያት የለ?»

«አውቃታለሁ።»

«ታዲያ ምን ሆንኩ ብላለች ልበል?»

ኬኔዌ ዲምፎን አየቻት። «ልጇ ጋ ናት በያት» አለችና ዘጋችው።

ዲምፎ ቁልቁል የሄደውን መኪናና እናቷን እያፈራረቀች ታያለች።

«አያትሽ በጎቹን ወዴት ነው የሚያወጧቸው?»

ልጅቷ በአገጯ ገደላማውን ጠቆመች። «እዚያ ላይ። ግን በዚህ ጫማ አይወጣም፣ ያንሸራትታል።»

ኬኔዌ የከተማ ጫማዋን አወለቀች፣ ሁለቱን በአንድ እጇ ያዘችና «በይ፣ ምሪኝ» አለቻት።