የጎን ወንበር

በየወርቅውሃ ቀኝ የተቀመጡት አቶ ሕሩይ፣ ኪሮስ ሙዚቃን እርግፍ አድርጎ ትቶ ነው የሞተው ይላሉ። በግራዋ የተቀመጠው ወጣቱ የስፒከር ጓደኛው ሮቤል ደግሞ፣ ኪሮስ እስከሞተበት ሳምንት ድረስ ስፒከር ሲመርጥ ነበር ይላል። ሁለቱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለየአጠገባቸው ለቀስተኛ ነው የሚያወሩት። መሐል የተቀመጠችው ግን የሟቹ ሚስት ናት፤ ሁለቱንም ትሰማለች።

«ትልልቆቹን ስፒከሮች በገዛ እጁ ለቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሰጠ» አሉ አቶ ሕሩይ። «በአንድ በኩል እሱ፣ በሌላ በኩል እኔ ይዘን ነው ደረጃውን ያወጣናቸው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ንስሐ ካልሆነ ምንድነው?»

«የሰጠው እዚህ ቤት ስለማይሆኑ ነው» አለ ሮቤል፣ የትግርኛ ቃና ባለው አማርኛው። «በእነሱ ፈንታ ለጠረጴዛው የሚሆን ባውዛትስ እየፈለገ ነበር። ተፈትቶ ይመጣል፤ ጣውላውን አጣብቀህ፣ ሽቦውን በይደህ ራስህ ትገጥመዋለህ። ሁለት ዓይነት አምጥቼለት እያማረጠ ሳለ ነው እንዲህ የሆነው።»

«ያ በነጠላ የተሸፈነው ነው ጠረጴዛው?» አለች አያልነሽ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ናት፤ በየቀኑ ሾርባ ይዛ ትመጣለች።

«እሱ ነው።»

ነጠላውን ያለበሱት አቶ ሕሩይ ናቸው። ኪሮስ የሞተ ዕለት መጥተው መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን፣ ቀጥሎ የጠረጴዛውን አምፕሊፋየር ከሶኬት ነቅለው ሸፈኑ። ለቅሶ ቤት ድምፅ አይከፈትም። የወርቅውሃም በዚያን ሰዓት አልከለከለቻቸውም፤ እንኳን ነጠላው፣ ሰዉ መግባቱም አልታያትም ነበር።

አሁን ሳምንት አልፏል። ኪሮስ ገና አልተቀበረም። አገር ቤት ቢሆን ሰው ተቀብሮ ነው ለቅሶ የሚቀመጡት፤ ፍራንክፈርት ላይ ቀብርም ቴርሚን፣ የቀን ቀጠሮ፣ አለው፣ ለቀስተኛው ከሟቹ ቀድሞ ይደክማል። ቴርሚኑ አርብ ሆኗል። ስለ ሟቹ የሚናገሩት አቶ ሕሩይ እንደሆኑ ማንም ሳይመርጣቸው ሁሉም ተስማምቷል።

«የወርቅውሃ» አሉ ወደ እሷ ዞረው። «አርብ ስናገር ይህንኑ ነው የምለው። በመጨረሻ ዓመቱ ዘፈኑን ትቶ ወደ እግዜር ቤት ተመለሰ። ለአርሴማም ጥሩ ነው። አባቷን በዚህ ታስታውሰው።»

አቶ ሕሩይ ክፉ ሰው አይደሉም። ኪሮስ ተማሪ ሆኖ እዚህ አገር ሲደርስ አልጋቸውን ለቀውለት መሬት ላይ የተኙ ሰው ናቸው። ደረጃው ላይ ያዩትም እንባ እውነት ነው። የወርቅውሃ የምታውቀው፣ ኪሮስ ስለ ስፒከር የሚያለቅስ ሰው እንደነበረ ነው።

ያወቀችው ኖርድኤንድ በሚባለው የከተማው ሰፈር፣ ሐበሻ ለሠርግና ለእንቁጣጣሽ በሚከራየው አዳራሽ ነበር። ኪሮስ በሳምንቱ ቀናት የመለኪያ መሣሪያ ፋብሪካ መሐንዲስ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የሽቦ ጥቅልል ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ የአዳራሹን ድምፅ ያስተካክላል። እሷ ደግሞ ከሆስፒታል ፈረቃ በቀጥታ የመጣች፣ ራሷን ያመማት ነርስ ነበረች። ሄዳ ጆሮዬን አደነቆርከኝ አለችው። የሚመልሳትን ተዘጋጅታ ስትጠብቅ፣ ከመሣሪያው ኋላ ወጥቶ እሷ የተቀመጠችበት ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ቆየ።

«እውነትሽን ነው» አላት ተነሥቶ። «ከዚህ ሲሰሙት ያማል።»

ሮደልሃይም ሰፈር ሳሉ ቤታቸው ሰፊ ነበር። ትልልቆቹ ስፒከሮች ሳሎን ውስጥ እንደ ዘበኛ ቆመው፣ እሷ ወጥ ቤት ሆና፣ ሁለቱም አንድ ዘፈን ይሰሙ ነበር። ጡረታ ወጥተው ዞሰንሃይም ሲገቡ ግድግዳው ስስ፣ ጎረቤቱም ቁጡ ሆነ። ኪሮስ የጆሮ ማዳመጫ አጠለቀ። ያኔ ነው ነገሩ የከፋት። ሰውየው ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል፣ ፈገግ ይላል፤ እሷ የምትሰማው የፍሪጁን ድምፅ ነው። አንድ ቀን አስቀያሚ ነገር ተናገረች። «ባል የለኝም» አለችው፣ «ጆሮው የተደፈነ ተከራይ ነው ያለኝ።» ኪሮስ ማዳመጫውን አውልቆ ያየው ጀመር።

«እትዬ» አለ ሮቤል፣ ሰዉ ሻይ ሲቀዳ ጎንበስ ብሎ። «ጊዜው አይደለም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን ሁለቱን ጥንድ መመለስ አለብኝ። የእኔ አይደሉም። እንደ እኛ ስፒከር እቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች ማኅበር አለ፤ ገጥመው ለሙከራ ያስቀመጧቸው ናቸው። ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው።»

«የት ናቸው?»

ሮቤል ወደ አያልነሽ እግር አየ። አያልነሽ ከወንበሯ ሥር የገባ በጨርቅ የተሸፈነ ነገር ላይ ሁለቱንም እግሮቿን ጭናለች።

«ውይ» አለች። «ሻንጣ መስሎኝ። እግሬ አብጦ ሳምንቱን ሙሉ እዚህ ላይ ነው የማሳርፈው።»

«እነዚህ ናቸው ያስጨነቁህ?» አለች የወርቅውሃ ለሮቤል። ሞት ከገባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ የሚመስል ነገር ከንፈሯ ላይ አለፈ።

ሮቤል ጨርቁን ገልጦ አወጣቸው። አንዱ ጥንድ ረዘም ያለ ነው፤ ወፍራሙ ድምፅ የሚወጣበት ከታች፣ ቀጭኑ የሚወጣበት ከላይ፣ ከኋላው ደግሞ አየር የሚወጣበት ክብ ቀዳዳ። ሌላው ጥንድ ትንሽ ነው፤ በሁሉም በኩል ዝግ፣ ፊቱ ላይ አንድ ክብ ብቻ ያለው።

«በረጅሙ ስፒከር ቀዳዳ ውስጥ የሆነ ነገር አለ» አለች አያልነሽ።

ሮቤል ጣቱን ሰዶ ሳበ። ተጠቅልሎ የተጎሰጎሰ ጥቁር ካልሲ ወጣ። ከሁለተኛውም ቀዳዳ ሌላኛው እግር ወጣ።

«እንዲህ ይደረጋል» አለ ሮቤል አፍሮ፣ የሠራው እሱ ይመስል። «ቀዳዳው ግድግዳ ሲጠጋ ድምፁ ያጓራል። ጠረጴዛው ግድግዳው ላይ ስለተጣበቀ ለማፈን ነው የከተተው።»

የወርቅውሃ ካልሲዎቹን ተቀበለችው። የቀብር ቤቱ ሰዎች ልብሱን አምጡ ሲሏት እነዚህን ስትፈልግ ቀኑ መሽቶባት ነበር። ከጥቁር ሱፉ ጋር ሰማያዊ ላከችለት። ዘረጋቻቸውና ጉልበቷ ላይ አለሰለሰቻቸው። አቧራና የጣውላ ሽታ አላቸው።

«የቱን መርጦ ነበር?» አለች።

«አልቆረጠም። እኔንም የገረመኝ እሱ ነው። እሱ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ረጅሙ ይበልጣል፣ ክርክር የለውም፤ ባለ ካልሲም ቢሆን። ጋሼ ኪሮስ ጆሮው እንደዚያ ስል ሆኖ እንዴት እንዳልተሰማው አላውቅም። በየቀኑ ይደውልልኛል፤ እስቲ ትንሽ ልቆይበት ይለኛል።»

የወርቅውሃ ወደ ወጥ ቤቱ አየች። ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ ከወጥ ቤት አንድ ወንበር ወስዶ ነበር። ጠረጴዛው ጋ ከራሱ ወንበር ጎን አስቀምጦ ጠራት። የወርቅዬ፣ ነይ እስቲ እዚህ ቁጭ በይ፣ ለአንድ ዘፈን ብቻ። እጇ በሽንኩርት ተይዞ ነበር። ነገ አለችው። ሁለተኛ አልጠራትም። እራት ሲቀርብ ወንበሩን ራሱ መልሶ አመጣው። በማግሥቱ ጠዋት የሮደልሃይም ባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ ልቡ ቀጥ አለች።

ተነሣች። ጠረጴዛው ጋ ሄዳ ነጠላውን አነሣችና በጥንቃቄ አጠፈችው።

«ሮቤል፣ ሁለቱንም ግጠምልኝ።»

«አሁን?»

«ማማ፣ ሙስ ዳስ ያትስት ዛይን?» አለች ልጇ አርሴማ ከበሩ አጠገብ። የግድ አሁን ነው ወይ ማለቷ ነው። ሰው ፊት ስትጨነቅ ጀርመንኛዋ ይቀድማታል።

«አሁን ነው። ከወጥ ቤት ወንበር አምጪልኝ።»

አቶ ሕሩይ ብድግ አሉ። «የወርቅውሃ፣ ሬሳው ገና አፈር አልቀመሰም። ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ እያለ ነው ጋሽ ሕሩይ። ግራና ቀኝ ሆናችሁ ሳምንቱን ሙሉ ስታወሩልኝ ሰምቻለሁ።»

«እኔ ክፉ አልተናገርኩም። ሰው ሲሞት ስሙን የሚጠብቅለት የለም ብዬ ነው።»

«እኔ አለሁ።»

አያልነሽ ሻይዋን አስቀመጠች። አቶ ሕሩይ አንገታቸውን ደፍተው አሰቡ፤ ልባቸው እንደተነካ ያስታውቃል፣ ግን የሚያስታርቅ ነገር ፈለጉ።

«እንግዲያው በገና ይሁን። በገና ለኀዘን ይሆናል። ማንም ምንም አይልም።»

ሮቤል በእፎይታ ራሱን ነቀነቀ። «በገናም አለው እኮ እትዬ። ደኅና አድርጎ ነው ያስቀመጠው።»

«ይሰማ የነበረው ምንድነው?»

«እሱማ...» ሮቤል አቶ ሕሩይን አየት አደረገ። «የአዳራሹ ነው። ኖርድኤንድ፣ ሠርግ ላይ ራሱ የቀዳው። አንዲት ሴት በክራር ስትዘፍን።»

«እሱን ክፈተው።»

አቶ ሕሩይ ካፖርታቸውን ከማንጠልጠያው አወረዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን አልወጡም፤ ካፖርቱን ክንዳቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

አርሴማ ወንበሩን አምጥታ የኪሮስን ወንበር ልትገፋ ስትል እናቷ በእጇ አገደቻት። የኪሮስ ወንበር ባለበት ባዶውን ቀረ። የወርቅውሃ ካልሲዎቹን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከጎኑ ተቀመጠች፤ ክርኖቿን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች።

ሮቤል መጀመሪያ ረጅሙን ከፈተ። ክራሩ ጥርት ብሎ መጣ፤ ዘፋኟ ግን ሩቅ ናት። ድምፅዋ በወዲያኛው በኩል፣ ባዶው ወንበር ፊት ለፊት ቆማ ለሌላ ሰው የምትዘፍን ይመስላል፤ ለየወርቅውሃ የሚደርሳት ጠርዙ ብቻ ነው። ሳትጨርስ «ለውጠው» አለች።

ትንሹ ሲከፈት ወፍራሙ ድምፅ ሳሳ። ክራሩ እንደ ቅድሙ አላብረቀረቀም። ሴትየዋ ግን መጣች። ከሁለቱ ሣጥኖች መሐል ቆማ፣ ትንፋሿ እስኪሰማ ቀርባ ዘፈነች። ከእሷ ኋላ የአዳራሹ ጭብጨባ፣ የብርጭቆ ድምፅ፣ አንዱ ወንበር ሲጎትት። የወርቅውሃ ወደ ባዶው ወንበር ዘንበል አለች፣ መልሳም ወደ ራሷ። ዘፋኟ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«ቀጭኑም ወፍራሙም ከአንድ ነጥብ ስለሚወጡ ነው» አለ ሮቤል ቀስ ብሎ። «ከጎን ላለ ሰው አይበተንም።» ከዚያ የራሱን ንግግር የሰማ ያህል የጎኑን ወንበር አየ።

«ምንም አይሰማም እኮ» አሉ አቶ ሕሩይ ከበሩ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የምር ለመስማት እየሞከሩ ነበር። «ከዚህ ሹክሹክታ ነው።»

«በር ላይ ለቆመ አልተሠራም ጋሽ ሕሩይ። አጠገቡ ለሚቀመጥ ነው።»

ጉልበቷ ላይ የነበሩትን ካልሲዎች አንስታ አንዱን በሌላው ውስጥ ጠቀለለችና ለአርሴማ ሰጠቻት። «ለቀብር ቤቱ ደውዪ። ሰማያዊውን ያውጡለት፤ እነዚህን ነገ እናደርሳለን።» ከዚያ ዘፈኑን ሳታስቆም ወደ ሰዉ ዞረች።

«ሮቤል፣ ትንሹን እዘዝልኝ። የምገጥመው እኔ ነኝ፤ አንተ ብየዳውን ታሳየኛለህ። አርብም ስለ ኪሮስ የምናገረው እኔ ነኝ።»