ሐሙስ ዳቦ አለ

ዓምደሚካኤል ከደብረ ማርቆስ ነቀምቴ የገባው አናጢ ነኝ ብሎ ነው። አልዋሸም። ችግሩ የሚያውቀው በርና መስኮት መሆኑ ነበር፤ በዚያ በደርግ ዘመን ደግሞ ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈር አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው አልነበረም። በቆሎ ግን ሁሉም ይበላል። ስለዚህ የአናጢ ቤቱ ባለቤት ኦቦ ጉሉማ የበቆሎ መፈልፈያ እንዲሠራ አዘዙት፤ እጀታው ሲዞር ፍሬውን ከቆረቆንዳው የሚያላቅቅ የእንጨት ሣጥን ነው።

«የጉቶ ጊዳው ገበሬ ተረፋ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ ይወስደዋል» አሉት። «ከሠራለት ከእኔ ጋር ትቆያለህ። ካልሠራለት አውቶቡሱ እሑድ ጠዋት ነው።»

አባቱ ሲሸኙት፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ «ወር ሳይሞላህ አፍረህ ትመለሳለህ» ብለውት ነበር። ዓምደሚካኤል ያንን አውቶቡስ ከሚሳፈር ቢሞት ይሻለዋል። እናም በሩን ዘግቶ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ሲመታና ሲልግ ሰነበተ። አናጢ ነኝ ያለ ሰው እንዴት ብሎ ይጠይቃል? ሣጥኑም ተሠርቶ አለቀ፤ በቆሎውን ግን አደቀቀው እንጂ አልፈለፈለውም።

የኦቦ ጉሉማ ሚስት አዴ በቀለች በመስኮት ብቅ ብለው የደቀቀውን አዩ።

«ወፍጮ ነው እንዴ የሠራኸው? ይልቅ ሐሙስ ከሰዓት እኛ ጓሮ ደቦ አለ፤ ኮቱ፣ ና!»

እሳቸው ያሉት ደቦ ነው። ነገር ግን ቃሉ ከኦሮምኛ አፍ ወጥቶ ጎጃሜ ጆሮ እስኪደርስ ዳቦ ሆኖ አረፈው።

«ለምን በዓል ነው?» አለ ዓምደሚካኤል።

አዴ በቀለች ወዲያው ገባቸው። ማረም ሲችሉ፣ ክፋት ሳይሆን ጨዋታ ስለሚወዱ፣ ተዉት።

«ለመፈልፈያ በዓል። ያንተንም ይዘህ እንዳትቀር።»

መፈልፈያ ተሸክሞ ዳቦ ግብዣ መሄድ ግራ ቢያጋባውም የአገሩ ወግ ይሆናል ብሎ ተቀበለ። ባዶ እጅ መግባት ግን ነውር ነው። ጉራጌዋን ባለሱቅ ወለቴን ለምኖ በኮባ የተጠቀለለ፣ ሁለት እጅ የሚሞላ ድፎ ዳቦ አስጋገረ።

ሐሙስ ዳቦውን በትከሻው፣ ሣጥኑን በብብቱ ይዞ ጓሮ ሲገባ ማዕድ አላገኘም። ያገኘው ሆዳቸው የተዘረገፈ መፈልፈያዎችና በዙሪያቸው የተንበረከከ ሰው ነው። ከጊምቢ የመጣ አለ፣ ከአርጆ የመጣ አለ፣ ቀጥቃጭ አለ፣ ገበሬ አለ። ሁሉም ዳቦውን አዩ። አዴ በቀለች ወገባቸውን ይዘው ሳቁ።

«ደቦ እኮ ነው ያልኩህ! ደ-ቦ! የጋራ ሥራ!»

ዓምደሚካኤል ከአንገቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ዳቦውን አጥር ሥር ደበቀ። ዞር ሲል ቀነዓ የሚባል የጊምቢ አናጢ ሣጥኑን ፈትቶ ጨርሷል።

«ተው እንጂ! የኔ ነው!»

«ያንተ?» አለ ቀነዓ ቀና ሳይል። «ይሄ የማንም አይደለም፣ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ። አፉን ያሰፋነው እኛ ነን፣ እጀታውን ያጎበጡት አርጆዎች ናቸው። ማን እንደጀመረው እንኳ ሦስት ከተማ ይጣላበታል። የፈለገ ይሠራዋል፣ የፈለገ ይለውጠዋል፤ የለወጠ ግን እዚህ መጥቶ ያሳያል። ያንተ ምስማር ረዝሟል። ፍሬውን እየነከሰው ነው።»

«ኦቦ ጉሉማ፣ ታዲያ ይሄንን ለምን አልነገሩኝም?»

«በር ዘግተህ ማን ይንገርህ?» አሉ ኦቦ ጉሉማ፣ ሞረድ እያቀበሉት።

ከቀነዓ ጋር ግራና ቀኝ ሆነው ምስማሩን ሲሞርዱ የግቢው በር ተበርግዶ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ እሸቱ ጠመንጃ ካነገቱ ሁለት ጠባቂዎች ጋር ገባ። ሞረዱ ሁሉ ቆመ። ከሦስት ከተማ የተሰበሰበ ሰው፣ ያለ ፈቃድ! በዚያ ዘመን ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ታስሯል።

«ምንድን ነው ይሄ ስብሰባ?»

አማርኛው እምብዛም የሆነው የአርጆው ጃራ ደንግጦ እውነቱን ተናገረ።

«ደቦ ነው፣ ጓድ።»

ጓድ እሸቱ ሸዌ ነው። የእሱም ጆሮ ከዓምደሚካኤል ጆሮ አይሻልም።

«ዳቦ? የታለ ዳቦው?»

አዴ በቀለች ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ ጠፋባቸው። ዓምደሚካኤል ግን አጥሩ ሥር ሄዶ ኮባውን ገለጠና ድፎውን በሁለት እጁ አቀረበ።

«ይኸው፣ ጓድ ሊቀመንበር። እርስዎ ይቁረሱልን እንጂ።»

ጓድ እሸቱ ዳቦውን አየ፣ ሰዉን አየ፣ ዳቦውን ደግሞ አየ። ቆረሰ። ትልቁን ለራሱ፣ ተከታዩን ለጠባቂዎቹ ወሰደና አፉ እንደሞላ «በልታችሁ ቶሎ ተበተኑ!» ብሎ ወጣ። ሁሉም ኮቴው እስኪርቅ ጠበቁ። ከዚያ ጓሮው በሳቅ ፈረሰ፤ ጃራ ዓምደሚካኤልን አቅፎ ከመሬት አነሳው።

ቅዳሜ ተረፋ እጀታውን አዞረ። ፍሬው ሳይነከስ ተንዠቀዠቀ። እሑድ ጠዋት አውቶቡሱ ጥሩምባውን እየነፋ ሲያልፍ ዓምደሚካኤል አልጋው ላይ ተገላብጦ ተኛ።

ከዚያ ወዲህ ለጓሮው አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር የመጥራቱ ሥራ የእሱ ሆነ። አንድ ቀን ከጎንደር የመጣ ወልደዮሐንስ የሚባል አናጢ በሩን ዘግቶ ሲመታና ሲልግ ሰማና አንኳኳ።

«ሐሙስ ከሰዓት ዳቦ አለ።»

«እግዜር ይስጥልኝ! ምን ይዤ ልምጣ?»

ዓምደሚካኤል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሳቁን ዋጠ።

«ወለቴ ሱቅ ሂድ» አለው። «እሷ ታውቃለች።»