እገሌ የሚባል ድርጅት

የልጅ ልጄ ሲቪዋን አትማ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። ስሟ አለ፣ ትምህርቷ አለ፣ ስልኳ አለ። ከዚያ በታች ማንም ሰምቶት የማያውቅ የአንድ ትንሽ የትርጉም ኤጀንሲ ስም አለ። ከሱ በታች ደግሞ፣ ወገቧ እስኪጎብጥ ለዓመታት የሠራችበት ቦታ ላይ፣ «አንድ ትልቅ የትርጉም ኤጀንሲ» ይላል። አንድ! አንድ ማን?

«ልጄ፣ ስሙ ጠፋሽ እንዴ?»

«አልጠፋኝም እማማ። አይጠራም።»

ሥራዋን ለማያውቅ ላስረዳ። ከመኝታ ቤታችን ጥግ፣ መስኮቱ ሥር ባለችው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ በግሏ ትተረጉማለች። ኤጀንሲዎቹ ከመድኃኒት ፋብሪካ ሥራ ይቀበሉና እንደሷ ላሉት ያከፋፍላሉ። የጻፈችው ተጣጥፎ መድኃኒት ካርቶን ውስጥ ይገባል፤ ስሟ የትም የለም። ሥራ ስትቀበልም ማን እንደሚያሠራት ለማንም ላትናገር ትፈርማለች።

አንድ ልማድ አላት። ሥራውን ከመላኳ በፊት ጮክ ብላ ታነብልኛለች። እኔ «እ?» ያልኩበትን ሁሉ ሰርዛ እንደገና ትጽፋለች። ታዲያ የመድኃኒቱና የፋብሪካው ስም ጋ ስትደርስ «እገሌ» ብላ ታልፋለች። «እገሌን ከምግብ በኋላ ይውሰዱ»፤ «እገሌን ከወሰዱ መኪና አይንዱ»። እገሌ የማያድነው በሽታ የለም። ገበያ ላይ ቢገኝ እኔው እገዛው ነበር።

አሁን ግን ቀልድ አልነበረም። አንድ ትልቅ ሆስፒታል ለበሽተኞች የሚሰጠውን ወረቀት ሁሉ የሚተረጉምለት ቋሚ ሠራተኛ ይፈልጋል። ቋሚ! ልጅቷ እኮ ስልክ ስትጠብቅ ነው የኖረችው። ሥራ ሲመጣ እንቅልፍ የለም፣ ሲጠፋ ደግሞ ወሩ ሙሉ ጭር ይላል። እኔ ዓይኔን ስከድን ማን ያያታል እያልኩ በላሁ ጠጣሁ አልልም። ሥራው ደግሞ ለሷ ተለክቶ የተሰፋ ነው፤ እና በዚች «አንድ» በምትል ቃል ያምልጠን?

ሾፌሩ ልጄ፣ ማለት አጎቷ፣ ለምሳ ሲመጣ ወረቀቱን አንስቶ አየው።

«ይሄ ሲቪ ነው ወይስ እንቆቅልሽ? ኃላፊዎቹ ‹ምን አውቅልሽ› ብለው ይመልሱልሽ?»

«ሁለቱንም ኤጀንሲዎች ጠይቄያለሁ አጎቴ። ትንሹ ጻፊው አለኝ፣ ጻፍኩት። ትልቁ አይሆንም አለ።»

«ታዲያ ማን ያይብሻል? በር የሚከፍተው እኮ ትልቁ ነው!»

«ሆስፒታሉ የበሽተኛ ምስጢር ነው የሚሰጠኝ። የሌላውን ስም እዚያ ከዘከዘክኩት፣ ‹የኛንስ ለማን ትዘከዝከው ይሆን› አይሉኝም?»

«ላም አለኝ በሰማይ!» አለና እንጀራ አባቱ እንደበደለው ሰው አኮረፈ። «እማዬ፣ አንቺ ደግሞ ተናገሪያት እንጂ!»

እውነቱን ለመናገር ልቤ ከሱ ጋር ነበር። «መጻፉ ይቅር የኔ ልጅ» አልኳት። «እዚያ ስትደርሺ በጆሯቸው ሹክ ብትያቸውስ?»

ሳቀች። «ሹክሹክታ ካንቺ ነዋ የተማርኩት። ያንቺ እኮ እስከ ጎረቤት ይሰማል።»

ለፈተና በተጠራች ቀን አብሬያት ሄድኩ። «እማማ፣ ሕፃን ነኝ እንዴ?» ብትለኝ፣ «ሕፃንማ ብትሆኚ አዝልሽ ነበር» ብያት ጃንጥላዬን አነሳሁ። ፀሐይ ነበር፤ ቢሆንም ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።

ኮሪደሩ ላይ፣ እጃቸው በፋሻ ከተጠቀለለ አንድ ሽማግሌ ጎን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። የቢሮው በር ገርበብ ብሏል። ጆሮዬ ደግሞ፣ እግዜር ይመስገን፣ ገና አልደከመም።

«ይሄ ትልቅ ያልሽው ኤጀንሲ ማነው?» አለች ኃላፊዋ። ድምጿ ቀጭን ነው፤ ጊዜ የሌላት ሴት።

«ስሙን ለመጥራት አልተፈቀደልኝም።»

«እዚህ ያለነው እኮ እኔና አንቺ ነን።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልጠራውም።»

«ታዲያ መሥራትሽን በምን ልወቅ? ስም የጻፉ ስንት አመልካቾች አሉኝ።»

ከወንበሩ ተነሳሁ። ስሙን ባውቀው ኖሮ በበሩ ስንጥቅ እጮኸው ነበር። ደግነቱ ለኔም እገሌ ነው! መልሼ ቁጭ አልኩ።

«ሥራ ይስጡኝና ይዩኝ» አለች ልጄ። ድምጿ ትንሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። እኔ ግን ጃንጥላዬን አንቄ ልገለው ነበር።

የሚተረጎም ሰጥታት መሆን አለበት፣ ከዚያ የኮምፒውተር ቁልፍ ድምፅ ብቻ ሆነ። ተክ ተክ፣ ዝም፣ ተክ ተክ። በዝምታው ጊዜ እንዴት እንደምትቀመጥ አውቃለሁ፤ ከንፈሯን ነክሳ መስኮት መስኮት ታያለች። ሽማግሌው፣ «ሰው ገብቶልሽ ነው?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው።

ኃላፊዋ አንድ ወረቀት ይዛ ብቅ አለች። ወዲያ ወዲህ አየችና እኔ ላይ ቆመች።

«እማማ፣ ማንበብ ይችላሉ?»

«በሚገባ!»

«ይህቺን ያንብቡልኝና የገባዎትን በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ።»

ወረቀቱ ቁስሉ ተሰፍቶለት ወደ ቤቱ ለሚሄድ ሰው የተጻፈ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር አጭር፤ የኔዋ ናት፣ ድምጿ ይሰማኛል። አንዴ ባየው እንደ ውኃ አድርጌ እወጣዋለሁ። አፌን ልከፍት ስል ከውስጥ «አልጠራውም» ያለችው መጣብኝ። እሷ የሰው አደራ ጠብቃ እኔ በዘመድ ላሳልፋት?

«እኔን አትጠይቂኝ ልጄ» አልኳት ወረቀቱን እየመለስኩ። «ውስጥ ያለችው የልጅ ልጄ ናት። ባዶ ወረቀት ብትሰጠኝም ገባኝ እላለሁ።»

ኃላፊዋ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባባ፣ እርስዎስ?»

መነጽሬን አውልቄ አዋስኳቸው። በጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው አነበቡ።

«ፋሻውን ውኃ አታስነካ ነው የሚለው» አሉ። «ቢያብጥ ወይ ቢሸት ወይ ቢያተኩስህ ቀጠሮህን ሳትጠብቅ ና ነው። ‹ለሐኪሙ ማስቸገር አይደለም› ይላል ደግሞ።» ቀና አሉ። «እኔማ እጄ ሌሊቱን ሲያቃጥለኝ አድሮ፣ እንዳላስቸግር ብዬ ልመለስ ነበር።»

ኃላፊዋ ፊቷ ተለወጠ። ወዲያው ነርስ ጠርታ እጃቸውን እንድታይላቸው አዘዘች። እሳቸውም ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«አባባ፣ እሱ እኮ የፈተና ወረቀት ነው!»

«አልፋለች በያት» አሉና ነርሷን ተከትለው ሄዱ። መነጽሬንም ይዘውት ነበር፤ ሮጬ ነው ያስመለስኩት።

ሥራውን አገኘች። ውሉን ከመፈረሟ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች አሉ፦ የሆስፒታሉን ስም ሲቪዬ ላይ እንድጽፍ በጽሑፍ ይፈቀድልኝ ብላ። ኃላፊዋ ስቃ ጻፈችላት። አጎቷም ሰምቶ፣ «እኔ ድሮም ብያችኋለሁ» አለ። ምን እንዳለ እሱ ነው የሚያውቀው።

በማግስቱ ከሷ ጋር ስንወጣ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ከበሯ ላይ ቆማ፣ «እሰይ እልል! የት ሆስፒታል ነው የገባችው?» አለችኝ።

አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። «እገሌ ሆስፒታል» አልኩ።

ልጄ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እማማ፣ ይሄንንማ መጥራት ይቻላል! ተፈቅዷል እኮ!»

ተፈቅዷል? እንግዲያው ወደ ልብስ ሰፊዋ ጠጋ ብዬ ሹክ አልኳት። መንገዱ ማዶ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩን።