የተኛው ዘረ መልና የአሥራ አራት ቁጥር ሾፌር

የአሥራ አራት ቁጥር አውቶብስ ሾፌር ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አርፍደው ስለማያውቁ ባልደረቦቻቸው «ጋሽ ደቂቃ» ይሏቸው ነበር። በዚህ ዓመት ግን ነገር ተበላሸ። መጀመሪያ አራት ደቂቃ፣ ቀጥሎ ሰባት፣ አንድ ማክሰኞ ደግሞ አሥራ አንድ ደቂቃ ዘገዩ።

ምክንያቱን የሚያውቁት እሳቸውና አውቶብሱ የሚመለስበት ማዞሪያ ላይ ያለው ሽንት ቤት ግድግዳ ብቻ ነበሩ። ሽንታቸው አጣድፎ ያስሮጣቸውና፣ ከደረሱ በኋላ ጠብ፣ ጠብ እያለ ያቆማቸዋል። ለትኬት ቆራጯ «ጎማ እያየሁ ነው» ይሏታል። ተሳፋሪ ሲያጉረመርም እሷም «ጎማ እያዩ ነው» ብላ ትመልሳለች፤ በቀን ስምንት ጊዜ የሚታይ ምን ዓይነት ጎማ እንደሆነ ግን ጠይቃቸው አታውቅም። የስምሪት ኃላፊው እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ ሰው አልነበረም። ፊቱን አጨፍግጎ የመዘግየት ቅጽ ያስፈርማቸዋል፤ እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ይፈርማሉ።

ጋሽ ደቂቃ የሚኖሩት ላብራቶሪ ውስጥ ከምትሠራ አንዲት ልጃቸው ጋር ነው። አንድ ምሽት ራት ቀርቦ ሳለ ልጅቷ ተክዛ አዩዋትና ምን እንደሆነች ጠየቁ። እነሱ ላብራቶሪ ከወንዶች ፊኛ ሥር ስላለው ዕጢ፣ ስለ ፕሮስቴት ሕመም ጥናት ጀምረው ዕድሜያቸው ከሃምሳ በላይ የሆነ አርባ ወንዶች ይፈልጋሉ፤ በአምስት ወር የተገኙት አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። ወንዱ ሁሉ ምርመራው ምን እንደሆነ ሲሰማ እግሬ አውጪኝ ይላል።

«ምኑን ነው የምታጠኑት?» አሉ ጋሽ ደቂቃ፣ ነገሩ እንደማይመለከተው ሰው ዳቦ እየቆረሱ።

ልጅቷ ስለ ሥራዋ ሲጠይቋት ደስታዋ ነው። በሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ ጭንቅ ሲመጣ ብቻ የሚነቃ አንድ ዘረ መል አለ አለቻቸው። ሰላም ሲሆን ይተኛል። ሕዋሱ ሲጎዳ፣ አየር ሲያጥረው፣ ሙቀት ሲበዛበት ግን ብድግ ብሎ «መባዛት አቁም፤ መጀመሪያ ራስህን ጠግን» ብሎ ያዛል። እነሱ የሚጠረጥሩት በታመመ ፕሮስቴት ውስጥ ይህ ዘረ መል መንቃት ባለበት ሰዓት ተኝቶ እንደሚቀር ነው።

«ጭንቀት ከሆነ የሚቀሰቅሰውማ የኔ ዓይኑን ከድኖም አያውቅ። አንቺን ያሳደግኩ ሰው ነኝ» አሉ።

ልጅቷ ሳቀች። የሕዋስ ጭንቅ ሌላ፣ የሰው ሐሳብ ሌላ መሆኑን እያስረዳቻቸው ሳለ ተነሥተው ወጡ። ሲመለሱ ሳቋ ጠፍቶ ነበር።

«አባዬ፣ ራት ላይ ብቻ ሦስቴ ተነሣህ።»

«ውኃ አብዝቼ ነው።»

«ብርጭቆህ እንደሞላ ነው።»

ጋሽ ደቂቃ ብርጭቋቸውን አዩ። ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይነገራል? ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ለሷ ያስተማሯት ራሳቸው ናቸው። እንደምንም አሉና ከማዞሪያው ጀምረው ነገሯት። እሷም አላፈረችም፣ አልደነገጠችም፤ የሚመረምራቸው ሐኪም መሆኑን፣ ናሙናው እሷ ጋ የሚደርሰው ስም ሳይሆን ቁጥር ብቻ ተለጥፎበት መሆኑን አስረዳቻቸው። ማንም እንዳይሰማ አስምለዋት ለቅዳሜ ተስማሙ።

ቅዳሜ ጠዋት ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው የጥናቱ ምርመራ የሚካሄድበት ክሊኒክ ደረሱ። ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ብቻ ጋዜጣ በሰፊው ዘርግቶ ተቀምጧል። ጋሽ ደቂቃ አጠገቡ ቁጭ እንዳሉ ጋዜጣው ተዘቅዝቆ መያዙን አስተዋሉ። ጎንበስ ብለው ከሥር ቢያዩ የስምሪት ኃላፊው ነው።

ኃላፊው ጋዜጣውን ቀስ ብሎ አጠፈ።

«ጋሼ፣ ጎማ ሊያዩ ነው የመጡት?» አለ።

«አንተስ? ቅጽ ልታስፈርም ነው?»

ነርሷ ወጥታ ዝም በሉ እስክትላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሁለት ዓመት ሙሉ መደበቁን፣ ሚስቱ ጠርጥራ በግድ እንደላከችው ነገራቸው። ቅጹን ሲያስፈርማቸውም ነገሩ እንደገባው፣ ግን አፍ አውጥቶ ለመናገር እንዳፈረ አልሸሸገም።

ሐኪሙ ሁለቱንም መርምሮ ለጥናቱም የሚሆን ደምና የዕጢ ናሙና ወሰደ። ውጤቱ በአሥረኛው ቀን መጣ። የጋሽ ደቂቃ ዕጢ በዕድሜ ማደጉ እንጂ ክፉ ነገር የለበትም፤ ክኒን ታዘዘላቸው። የኃላፊው ግን ካንሰር ሆነ። ገና ትንሽ ነው፣ ከዕጢው አልወጣም፣ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል ተባለ።

ጋሽ ደቂቃ ይህን ከራሱ ከኃላፊው አፍ ሲሰሙ የራሳቸው ደስታ ጠፋ። በማግስቱ ሾፌሮቹ ስምሪት ሲጠብቁ መሐላቸው ቆሙና ስለ ማዞሪያው፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ክሊኒኩ ሳይደብቁ አወሩ። ስለ ኃላፊው ቃል አልተነፈሱም፤ ኃላፊው ግን ከስምሪት ክፍሉ ወጥቶ የራሱን ራሱ ተናገረ። ሳቅ የጀመሩት ሁሉ የክሊኒኩን አድራሻ ጠየቁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሃምሳን ያለፉ አሥራ ሰባት ሾፌሮችና ሁለት መካኒኮች ክሊኒኩ በር ላይ ተሰለፉ፤ ተራ ለመያዝ ተጋፉ ቢባል ማን ያምናል?

ኃላፊው ቀዶ ሕክምናው ሰምሮለት በሁለት ወሩ ሥራ ገባ፤ ከስቷል፣ ግን መቆጣት ጀምሯልና ደኅና ነው ተባለ። ወሬው ተዛምቶ አርባው ሰው ሞልቶ ከተረፈ በኋላ ልጅቷ ላመስግናቸው ብላ ወደ ሾፌሮቹ አዳራሽ መጣች። ግድግዳው ላይ የናሙናዎቹን ሥዕል አሳየች። ቡናማ ነጥብ ያለበት ዘረ መሉ የነቃበት ነው፤ ባዶው የተኛበት። ካንሰር ባለባቸው አብዛኞቹ ናሙናዎች ላይ ነጥቡ የለም ማለት ይቻላል።

«መተኛቱ ነው በሽታውን የሚያመጣው?» ብሎ አንዱ መካኒክ ጠየቀ።

«ወይም በሽታው ነው የሚያስተኛው። ገና አላወቅንም» አለች። «ለማወቅ ዓመታት ይፈጃል፤ ሌላም ብዙ ሰው ያስፈልገናል።»

ኃላፊው እጁን አወጣና የሱ የትኛው እንደሆነ ጠየቃት። እሷም እንደማታውቅ፣ ቁጥር እንጂ ስም እንደማይደርሳት ነገረችው። እሱ ግን ተነሥቶ ሥዕሉን ቀረብ ብሎ መረመረና ጥግ ላይ ያለውን ባዶ ናሙና በጣቱ ጠቆመ።

«ይሄ ነው የኔ» አለ። «ኩርፊያው ያስታውቃል።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ከሁሉም አስበልጠው የሳቁት ጋሽ ደቂቃ ነበሩ፤ ልጃቸው ደግሞ ሳቁ እስኪበርድ ሳትጠብቅ ለቀጣዩ ዙር ስም መመዝገቢያውን ወረቀት ከፊት ወንበር ጀምራ ማዞር ጀመረች።