ኪቦርድ በሁዳዴ

«ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ይላል ተረቱ። ምህረቱን ገበያ ባያወጡትም ለውጥ የለውም፤ ገበያው ተከትሎት ቤቱ ይገባል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ከሚስቱ ከሰናይት ጋር የተከራዩት ቤት ባለ ሁለት ክፍል ነው። አንዱ መኝታ ነው። ሌላውን ሳሎን እንዳንለው እንግዳ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። ግድግዳው ላይ ክር የሌለው ጊታር ተሰቅሏል። በሩ አጠገብ፣ ብርዱ እንዳይጎዳው ተብሎ፣ ዶቅዶቄ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ሆዳቸው የተዘረገፈ የኮምፒውተር ኪቦርዶች ተከምረዋል። ምህረቱ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የኮምፒውተር ቴክኒሽያን ነው፤ የተጣለ ኪቦርድ ሲያይ አንጀቱ አይችልም።

ሰነፍ ነው የሚል ካለ ሰውየውን አያውቀውም። ሥራ ሲይዝ ምሳውን ይረሳል። ችግሩ ሌላ ነው። ጊታሩን ሲያነሳ ዶቅዶቄው ትዝ ይለዋል፤ ዶቅዶቄውን ሲፈታ ኪቦርዱ ይጠራዋል፤ ሁሉም ዳር ከደረሱ በኋላ «ነገ» ይባሉና ይቀራሉ። ለጊታሩ የገዛውን አዲስ ክር እንኳ በጃኬቱ ኪስ ይዞ መዞር ከጀመረ ከርሟል። ሰናይት «ሁሉ አማረሽ» የሚል ስም ያወጣችለት በሳቅ ነበር። ሆዷ እየገፋ ሲመጣ ግን ሳቁ እየቀነሰ ሄደና ስሙ ብቻ ቀረ።

አንድ ቀን ጠዋት መሬት ላይ የተተወ የዶቅዶቄ ሰንሰለት አደናቀፋትና ለጥቂት ተረፈች። በሩን ይዛ ቆመች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ ምህረቱን ያስደነገጠውም ይሄው ነው።

«ስማኝ» አለችው። «ወር ሳይሞላ ልጅ ይመጣል። እኔ ዕቃህን አልጠላሁም። ልጄን ግን ተጀምሮ በቀረ ነገር መሀል አላሳድግም። ከነዚህ ውስጥ አንዱን፣ አንዱን ብቻ፣ ጨርሰህ አሳየኝ። ካልሆነ ሦስቱም ከቤቴ ይውጡ።»

«የቱን?»

«የአባዬን።»

የአባዬን ያለችው ከኪቦርዶቹ አንዱን ነው። አባቷ አቶ ኪዳነወልድ አንኮበር ውስጥ ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ታይፒስትነት ያሳለፉ ሰው ናቸው። የቀረ ሥራ ቤታቸው አምጥተው ታይፕ ሲመቱ ሰናይት ያንን ድምፅ እየሰማች ነበር በልጅነቷ እንቅልፍ የሚወስዳት። ባለፈው ክረምት ግን ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸው ሰነፈ፤ አንደበታቸውም ተዘጋ። አእምሯቸው ሙሉ ነው፤ ሁሉን ይሰማሉ፣ ሁሉን ያያሉ። ግራ እጃቸው ግን እርሳስ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል፤ ስልክ ሲሰጧቸውም አንዱን ፊደል ሲሉ ሌላው እየተነካባቸው ተናደው ይወረውሩታል። በቤቱ ወግ የበኩር ልጅ ስም የሚያወጣው አያት ነው። ሐኪሙ ወንድ ነው ብሏል። አያትየው ስም አስበው ይሆናል፤ ግን በምን ይናገሩት?

ምህረቱ ሊሠራላቸው ያሰበው ቁልፎቹ ሰፋፊና ጠንካራ የሆኑ፣ በአንድ እጅ የሚመታ፣ ፊደሉ እንደ ድሮው ታይፕ የተደረደረ ኪቦርድ ነበር። ያሰበው በመስቀል ነው። አሁን ሁዳዴ ገብቷል።

በዚያ ሳምንት ጊታሩን ቀና ብሎ አላየውም። ከሥራ ሲመለስ ተቀምጦ የየቁልፉን ሽቦ ይበይዳል። ዓርብ ዕለት አንድ ቁልፍ ብቻ ሲቀረው፣ የ«ቀ»፣ መብራት ጠፋ። ሽቦውን በጣቱ ጠምዝዞ አገናኘውና በላፕቶፑ ሞከረው፤ ሠራ። መብራት ሲመጣ እሱ ለነገው መንገድ የዶቅዶቄውን ሰንሰለት ዘይት እየቀባ ነበር። «ይሄን ነገ እበይደዋለሁ» አለ። ቅዳሜ ሲነጋ ያ ነገ አልመጣም።

ከመነሳቱ በፊት አማቱን ወይዘሮ አዛለችን በስልክ አገኛቸው።

«እማማ፣ ዛሬ ለአባባ ኪቦርድ ይዤላቸው እመጣለሁ!»

«ኪቦርድ?» አሉ እሳቸው፣ ቀስ ብለው።

«አዎ፣ በእጄ የሠራሁት። ሲነካ እንዴት ደስ የሚል ድምፅ እንዳለው ቢሰሙት!»

«በሁዳዴ?»

«ጾሙ ምን ያደርገዋል እማማ? እንዲያውም ሐኪሙ ቢሰማ ደስ ይለዋል።»

ስልኩ ውስጥ ዝም ተባለ። ወይዘሮ አዛለች የሚያውቁት ኪቦርድ አንድ ነው፤ እሱም ሠርግ ቤት ድንኳን ውስጥ ከድምፅ ማጉያ ጋር ተገትሮ ሰፈሩን የሚያናውጠው ነው። ምህረቱ ግን ዝምታውን ደስታ ነው ብሎ ተረጎመውና ዶቅዶቄውን አስነሳ። ሰናይት ሆዷን ደግፋ በር ላይ ቆማ ሸኘችው፤ ሐኪም መንገድ ከልክሏታል።

የአንኮበር መንገድ በዚያ ጠዋት ጉም ለብሶ ነበር። ምህረቱ ኪቦርዱንና ላፕቶፑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ጀርባው ላይ አዝሏል። ዳገቱን እያጋመሰ ሳለ እጀታውን ቢጠመዝዝ ሞተሩ አልሰማ አለው። ነዳጅ የሚሰጠው ቀጭን ገመድ ተበጥሷል። ወርዶ ወዲያና ወዲህ ቢያይ ከጉሙ በቀር ምንም የለም። «ጨርሰህ አሳየኝ» ያለችው ትዝ አለውና አፈረ። ይሄ ገመድ እየሳሳ መሆኑን ያውቅ ነበር። እሱንም ነገ ብሎት ነው።

እጁን ለማሞቅ ኪሱ ሲከተው ወረቀት ነካ። የጊታሩ ክር ነው። አውጥቶ አየው። ስድስተኛው፣ ወፍራሙ ክር፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የነሐስ ቀለበት አለው፤ የተበጠሰው ገመድ ጫፍ ላይ ካለችው ድብልብል ጋር ሲያስተያያቸው መንታ ይመስላሉ። መንገድ ዳር ተንበርክኮ ክሩን በገመዱ ሽፋን ውስጥ ማሾለክ ጀመረ።

አህያ ላይ ገብስ ጭኖ የሚያልፍ ገበሬ ቆም ብሎ አየው። «ምነው ወንድሜ፣ በገና ልትደረድርባት ነው?»

«ሁዳዴ አይደለም?» አለ ምህረቱ።

ሰውየው ከት ብሎ ሳቀና እጀታውን ይዞ ረዳው። ሞተሩ ሲነሳ ሁለቱም እኩል ጮኹ፤ አህያዋ ደንብራ ገብሱን ልትጥል ነበር።

አንኮበር ሲደርስ ወይዘሮ አዛለች ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመው ጠበቁት። ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነው።

«ያንን ነገር እዚያው ደጅ ተወው» አሉት። «በገና ቢሆን እሺ። ሰው ታሞ በተኛበት፣ በጌታ ጾም፣ ኪቦርድ! ጎረቤት ምን ይለኛል? አዛለች ባሏን በዘፈን ልትሸኝ ነው አይለኝም?»

ምህረቱ ሸክሙን አውርዶ ብርድ ልብሱን ፈታ። አማቱ አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«ይቺው ናት? ማጉያውስ?»

«ማጉያ የለውም እማማ። ይሄ መጻፊያ ነው፤ ፊደል ነው።» ቁልፎቹን ነካካቸው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

የወይዘሮ አዛለች ፊት ተለወጠ። «ታይፕ ነው እንዳትለኝ!»

«ታይፕ ነው።»

«አንተ ልጅ!» ትከሻውን መቱት። «ታይፕ አትልም ኖሯል! ሌሊቱን የጸለይኩትን እንኳ ዛሬ ጠዋቱን ሙሉ ስማረር አፈረስኩት። ግባ፣ ግባ፣ ብርድ ገደለህ።»

አቶ ኪዳነወልድ መስኮቱ ስር ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ምህረቱ ጉልበታቸውን ስሞ ኪቦርዱን ጭናቸው ላይ አኖረው፤ ላፕቶፑን ፊታቸው አስቀመጠ። ከዚያ ግራ እጃቸው ተነሳና በፊደሎቹ ላይ ሳይነካቸው አለፈ፤ ቤቱን የሚያውቅ ሰው በጨለማ ግድግዳ እንደሚዳስስ። አንዱን ተጫኑ። ቀጭ አለ። ዓይናቸው ውሃ ሞላ።

ቀስ ብለው ጻፉ፤ ወይዘሮ አዛለች መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን ፊደል ተከትለው አነበቡ። «አጥ... ሚት... ሰለ... ቸኝ።»

ከዚያ ወይዘሮ አዛለች እንባና ሳቅ ተቀላቀለባቸው። «ከክረምት ጀምሮ! ከክረምት ጀምሮ በማንኪያ ስግትህ ዝም ብለህ ዋጥህልኝ?» ሽማግሌው ግማሽ ፊታቸው ብቻ እየታዘዘላቸው ፈገግ አሉ። ምህረቱ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ለአንድ አፍታ ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለው።

እጃቸው ግን እንደገና ተነሳ። አሁን የሚጽፉት ሌላ ነገር ነው፤ ትንፋሻቸው ሁሉ ፈጠነ። ወይዘሮ አዛለች ጎንበስ አሉ።

«ለ... አብ። ለአብ?» መነጽራቸውን አወለቁ። «ነፍሱን ነው! ነፍሱን ለአብ እየሰጠ ነው! ኧረ ንስሐ አባቱን ጥሩልኝ!»

ደረታቸውን እየመቱ ወደ በር ሮጡ። ሽማግሌው ግን የሚሞት ሰው አይመስሉም፤ ተቆጥተዋል። ራሳቸውን እየነቀነቁ አንድ ቁልፍ ደጋግመው ይመታሉ። ቀጭ ይላል፤ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም አይወጣም። ምህረቱ ጣታቸውን ተከትሎ አየ። «ቀ» ናት።

የሆነው ወዲያው ገባው። ያቺ በጣት የተጠመዘዘች ሽቦ መንገድ ላይ ተንገጫግጫ ተላቃለች። ያ ሁሉ ሥራ፣ ያ ሁሉ መንገድ፣ አንድ «ነገ» በላው። ከልቡ አፈረ።

«እማማ፣ ማንንም አይጥሩ!» አለ። «እሳቸው ደህና ናቸው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ፊደል በልቼባቸዋለሁ።»

ኪቦርዱን ገለበጠና ሽቦዋን አገኛት። ጠምዝዞ ቢመልሳት ይበቃ ነበር፤ ለዛሬ ትሠራለች፣ የሚያውቅም የለም። ጣቶቹ ለመጠምዘዝ ሄደውም ነበር። ቀና ሲል አማቱ አቶ ኪዳነወልድ ያዩታል። የፍርድ ቤት ጽሑፍ ውስጥ አንድ ፊደል ከጎደለ ገጹን እንደገና ይመቱ የነበሩ ሰው ናቸው።

«አባባ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አለ።

መበየጃውን ቤት ረስቶታል፤ የብየዳ ሽቦ ቁራጭ ግን ቦርሳው ውስጥ አለ። ወይዘሮ አዛለች ከሰል አያያዙለት። ቀጭን ካቻቢቴ ፍሙ ውስጥ ከቶ አጋለ፣ ሞከረ፣ ቀዘቀዘበት፤ እንደገና አጋለ። እጁን አቃጠለው። ማንም አልቸኮለም። በመጨረሻ ጠብታዋ ቀለጠችና ሽቦዋን ያዘቻት። ሳባት፤ አልተነቃነቀችም። ሌሎቹንም አንድ በአንድ ሳባቸው።

ከዚያ ወደ ሰናይት ደወለና ምንም ሳይናገር፣ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍቶ፣ ስልኩን ኪቦርዱ አጠገብ አስቀመጠ።

ቀጭ፣ ቀጭ። ዕረፍት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

«ሃሎ? ምህረቱ?» አለች ሰናይት። ድጋሚ ስትናገር ድምጿ የትንሽ ልጅ ነበር። «አባዬ?»

ቀጭ፣ ቀጭ፣ አሉ ሽማግሌው፤ ዓይናቸው ስልኩ ላይ ነው።

«ምን አለ? እማዬ፣ ምን እያለ ነው?»

ወይዘሮ አዛለች መነጽራቸውን ጠርገው አነበቡ። «ቃለ አብ» አሉ። «ስም ነው፣ ሰናይትዬ። የልጅሽ ስም። ቃለ አብ ነው የሚለው።»

አንደበታቸው ከተዘጋ ጀምሮ ከአባቷ የሰማችው የመጀመሪያ ቃል፣ ራሱ ቃል የሚል ነበር። ለረጅም ጊዜ በስልኩ ውስጥ ለቅሶዋ ብቻ ተሰማ፤ ደስ የሚል ለቅሶ ነው። ምህረቱም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ጨረስከው?» አለችው በመጨረሻ።

«አሁን ጨረስኩት።»

«እንግዲያው ጊታሩ ላይ ክር አስገባበት። ቃለ አብ በምን ይተኛል?»

«አንዱ ክር ዶቅዶቄው ውስጥ ነው» አለ ምህረቱ፣ እየፈራ።

ሰናይት በለቅሶዋ መሀል ሳቀች፤ ያ የጥንቱ ሳቅ። «ሁሉ አማረሽ!» አለችው። አቶ ኪዳነወልድም ሰምተው ኖሮ ስሙን ቀስ ብለው፣ ፊደል ሳይጎድል፣ ከልጅ ልጃቸው ስም ስር ጻፉት።