ከአሥር ሁለት

“ሠላሳ ዓመት በሠራችበት ክፍል ዘወር ብሎ የሚያያት ጠፋ አሉ” አለች አንዷ ጎረቤት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ሌላዋ ከንፈሯን መጠጠች።

ሐኪሙ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ሁሉንም ሰማ። ሴቶቹ አላወቁትም፤ ያለ ነጭ ጋዋኑ ከማንኛውም ለቅሶ ደራሽ አይለይም። የያዘው ሻይ ቀዝቅዟል።

ወደዚህ ቤት ሲመጣ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በመጀመሪያው ቀን “እግዜር ያጥናችሁ” ብሎ ወጣ። በሁለተኛው ቀን የሟችን ልጅ ሊያናግራት አስቦ፣ ቤቱ በሰው ሲሞላ ወኔው ከዳው። ዛሬ ግን ሳልነግራት ከዚህ አልነሳም ብሎ ለራሱ ምሏል።

ሟቿን ድንገተኛ ክፍል ውስጥ “ጄኔራሏ” ነበር የሚሏት። ነርስ ነበረች፤ ስንቱን ሐኪም ግን እጁን ይዛ አስተምራለች። እሱም ተለማማጅ ሆኖ ሲመጣ መርፌ በያዘ ቁጥር እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። “አንተ ልጅ፣ ደም ሥሩ አይነክስህም” ብላ በሽተኛውን ሳይቀር አሳቀችበት። ከዚያ ግን እስኪለምድ ድረስ ሳምንቱን ሙሉ ከጎኑ አልተለየችም። ደጋግማ የምትነግረው አንድ ነገር ነበር፦ በሽተኛው ደህና ነኝ እያለህ ግንባሩን ካላበው፣ የምታምነው ግንባሩን ነው።

ጡረታ በወጣች በአራተኛ ዓመቷ፣ ባለፈው ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ደረቷን አሟት በእግሯ መጣች። ልጇ ቦርሳዋን ይዛ ትከተላታለች። አስፕሪን ቤቷ አኝካ፣ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ነው የመጣችው። አልጋው ላይ ከወጣች በኋላም በሽተኛ መሆን አልሆንላት አለ። መርፌ የምትተክልላትን ነርስ “ትንሽ ዝቅ አድርጊው” ብላ አረመቻት። ሐኪሙ የልብ ምቷን የሚያሳየውን ስክሪን ወደ ግድግዳው ሲያዞርባት፣ የገዛ ልቤን እንዳላይ ልትከለክለኝ ነው ወይ ብላ አስመለሰችው። ልቧ ደህና እንዳልሆነ ሁለቱም አይተዋል። መድኃኒት ተሰጣት፣ የልብ ስፔሻሊስቱ ተጠራ። እስኪደርስ ድረስ ከአጠገቧ ሳይርቁ መጠበቅ ነበር የቀረው።

በዚህ መሐል አውቶቡስ ተገልብጦ ቁስለኞች ይጎርፉ ጀመር። ኮሪደሩ በጩኸት ተሞላ። የዕለቱ ተረኛ ሐኪም እሱ ብቻ ነበር። ጄኔራሏ ጩኸቱን ስትሰማ ከትራሷ ቀና አለች።

“ሂድ” አለችው።

“ሕመሙ አሁን ከአሥር ስንት ነው?”

“ሁለት። ሂድ እያልኩህ!”

ሄደ። ልጇንም ውሃ ግዢልኝ ብላ ልካት ነበር። ከሃያ ደቂቃ በኋላ አንዲት ነርስ እየሮጠች ጠራችው። ደረቷን እየተቀያየሩ ተጫኑ፣ እስኪዝሉ ድረስ ተጫኑ። አልተመለሰችም።

ዛሬ ልጇን ያገኛት ከለቅሶው ቤት ጓሮ፣ ትርፍ ወንበሮች ስታነባብር ነው። የሂሳብ አስተማሪ ናት፤ ፊቷ ላይ የሦስት ቀን እንቅልፍ ማጣት ይነበባል። አንዱን ወንበር ሊያግዛት አነሳና እንደያዘው ቀረ።

“ሁለት ስትለኝ ውሸቷን እንደሆነ አውቄያለሁ” አላት። “ግንባሯ በላብ ርሶ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን አጠገቡ ሰው ሳላቆም ንቅንቅ አልልም ነበር። እሷ ሂድ ስትለኝ ግን እንደ ድሮው ተለማማጅ ሆኜ ታዘዝኩ።”

ልጅቷ አንዱ ወንበር ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አንተ ባትሄድ ኖሮ ትተርፍ ነበር ወይ ስትል ጠየቀችው። እንደማያውቅ፣ ምናልባትም እንደማትተርፍ፣ ግን ብቻዋን መሆን እንዳልነበረባት ነገራት።

“ቦርሳዋ ውስጥ ያልተከፈተ ውሃ ነበር” አለች ልጅቷ፣ መሬት መሬቱን እያየች። “ቦርሳውን የያዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ግዢልኝ ስትለኝ እያወቅሁ ወጣሁ። እማዬ ስትልክ እምቢ አይባልማ።”

ከዚያ ሳይጠይቃት ስለ ልጅነቷ አወራችው። ትኩሳት ሲይዛት እናቷ ግንባሯን ዳስሳ፣ “አንቺ እንኳ ትቆያለሽ፤ የማይቆዩ በሽተኞች አሉብኝ” ብላ ወደ ሥራዋ ትሄድ ነበር። እውነትም ትቆይ ነበር፤ ምንም አትሆንም። ግን ለአንድ ቀን እንኳ የማትቆይ በሽተኛ ለመሆን ስትመኝ ነው ያደገችው። ሰኞ ዕለት እናቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በሽተኛ ስትሆን፣ አሁንስ አገኘኋት ብላ ነበር።

“ይቅር በዪኝ ልትለኝ ከሆነ ዛሬ አልችልም” አለችው በመጨረሻ። “መምጣትህን ግን አታቁም። ለአባዬም ራስህ ንገረው።”

አባትየው ጓዳ ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጡረተኛ ሰዓት ሠሪ ናቸው፤ ቀድሞም ቁጥብ ነበሩ፣ ከቀብሩ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ዝም ብለዋል። ሐኪሙ ሳይቀንስ ሳይጨምር ነገራቸው፣ ላቡንም ጭምር። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሙት። አልተቆጡም፣ አላጽናኑትምም።

በመጨረሻ እጃቸውን ዘርግተው ከኮመዲኖው መሳቢያ የደም ግፊት መለኪያ አወጡና ሐኪሙ ጭን ላይ አኖሩት። የግራ እጅጌያቸውን እስከ ክንዳቸው ሰበሰቡ።

“ጠዋት ጠዋት እሷ ነበረች የምትለካኝ” አሉት። “ይኸው ሦስት ቀኔ።”

ሐኪሙ አጠገባቸው ተቀመጠ። ጨርቁን በክንዳቸው ላይ ጠቅልሎ ነፋው፣ ቀስ ብሎም አስተነፈሰው። መቶ ስድሳ በዘጠና። እንዳለ ነገራቸው። ሊፈታላቸው ሲል ግን ሽማግሌው ክንዳቸውን አልሰበሰቡም።

“የመጀመሪያውን አታምነውም ነበር” አሉ። “ሁለቴ ነው የምትለካኝ።”

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጠራ። አላነሳውም። ጨርቁን ፈታና በመዳፉ አለስልሶ፣ እንደገና ጠቀለለላቸው።